ደቻቱ የተባለችው መርከብ

«መርከብ የምታሰላዋ ልጅ ደህና ናት?» ይሉኛል ሰዎች፣ ከዚያ ይስቃሉ። ባህር በሌለበት አገር፣ ወንዙ እንኳ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ በሆነበት ከተማ፣ የመርከብ ስሌት የሚሠራ ሰው መኖሩ ያስቃቸዋል። ይሳቁ። እኔም በመጀመሪያው ቀን ስቄያለሁ። አሁን ግን በኢፍራህ የሚስቅ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል፤ በእሷ ስቆ ምን እንደደረሰበት የማውቀው ሰው አለና።

እኔ ሰርካዲስ እባላለሁ። ኢፍራህ ያሰላችውን በኮምፒውተር የምነድፈው እኔ ነኝ። ቂም አልረሳም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» እንዳትሉኝ። እናቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን ቂሜን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ኖሬያለሁ፤ እስካሁን ከደጁ ያባረረኝ የለም።

ቢሮአችን ከዚራ ነው፤ የድሮ የባቡር ሰዎች ትተዋቸው ከሄዱት ቪላዎች በአንዱ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር። ባለቤቱ ገብረወልድ የሚባሉ መሐንዲስ ናቸው። አባታቸው እኛ ድሬዎች ሽሚንደፈር የምንለው የባቡር ድርጅት መካኒክ ስለነበሩ፣ ልጅየውንም ሰው ሁሉ እንደ ፈረንሳዮቹ፣ አቶ ለማለት፣ «ሙሴ» እያለ ይጠራቸዋል። ሙሴ ገብረወልድ ድሮ የሚሠሩት የውሃ ታንከርና የመጋዘን ጣሪያ ነበር። አንድ ቀን ሐጂ ሚክዳድ መጡ። ሐጂ ድሬ ተወልደው፣ ድሬ ነግደው፣ ኋላ ጅቡቲ ወርደው ጥቂት ትንንሽ የጭነት መርከቦች ያፈሩ ሰው ናቸው።

«የሩቅ ሰው ደጅ ከምጠና እናንተ ሥሩልኝ አቦ» አሉ። «ብረት ብረት ነው። የጣሪያውን ካወቃችሁ የመርከቡን አታጡትም።»

ሙሴ ሳቅ ብለው እምቢ ሊሉ ሲሉ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው አዲስ ተቀጣሪ፣ «አዴሮ፣ ለእኔ ይስጡኝ፤ ልሞክረው» አለች። አዴሮ ማለት በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ሐጂ ዞር ብለው አዩዋት። ኢፍራህ መርከብ ውስጥ የገባችው እንዲህ ነው።

ሜካኒካል ምህንድስና የተማረችው እዚሁ ድሬ ነው። የመርከቡን ግን ማንም እጇን ይዞ አላስተማራትም። ከኢንተርኔት እያወረደች አነበበች፣ ጅቡቲ ዘመድ ጥየቃ ስትወርድ ሌላው ገበያ ሲል እሷ ወደብ ዳር ቆማ ዋለች። ቢሮ ውስጥ የስሌት ሶፍትዌር ነበረን፤ ሙሴ ለጣሪያ ብለው ያስገቡት። ያንን ለመርከብ አስተካከለችው። የመርከቧ ርዝመት፣ ስፋት፣ የሆዷ ቅርፅ፣ የብረቱ ክብደት፣ የነዳጅና የውሃ ታንኩ መጠን፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይቀመጣል። ስሌቶቹ በሙሉ ከዚያ ይቀዳሉ። ስፋቱን አንድ ጊዜ ከቀየርሽ ሌላው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል።

ዋናው ብልሃቷ ግን ማስቀመጡ ላይ ነበር። ጥሩ ልብስ ሰፊ የአንድን ሰው ልክ በካርቶን ቆርጦ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ በቁመትም በወርድም የሚመስለው ሌላ ሰው ሲመጣ ካርቶኑን አውርዶ እጅጌውን ብቻ ያስረዝማል። ኢፍራህም እንደዚያ ነበረች። አንዲት መርከብ ካለቀች በኋላ ቅርጿን ከነመረጃዋ ታስቀምጣለች፤ አዲስ ሥራ ሲመጣ የምትቀርበውን አውጥታ ታስተካክላለች። ያልተሳካውንም አትጥልም። «የወደቀውን ካላስቀመጥሽው ነገ ደግመሽ ትሠሪዋለሽ» ትለኝ ነበር።

ስማቸውንም በድሬ ሰፈር አወጣችላቸው። ቁጥርና ቀን ብቻ የተሰጠው ፋይል ማንም አያስታውሰውም ብላ ነው። ሰፊውንና የማይናወጠውን ቅርፅ «ከዚራ» አለችው። ረጅሙን የዕቃ ጫኝ «መልካ ጀብዱ» አለችው። አንዱን ደግሞ «ደቻቱ»።

የደቻቱ ነገር እንዲህ ነው። ሐጂ ፍየልና በግ ጭና ባህር የምታሻግር መርከብ ፈልገው ነበር። ኢፍራህ ቅርጿን አወጣች፣ ሚዛኗን አሰላች። ሞልታ ስትነሳ ደህና ናት። አራግፋ ባዶዋን ስትመለስም ደህና ናት። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን አይቶ ይፈርማል። ኢፍራህ ግን አልተዋጠላትም። መሀል መንገድ ላይስ? ነዳጁ ተጋምሶ፣ የእንስሳቱ መጠጥ ውሃ ተጋምሶ፣ ያ ግማሽ ውሃ ታንኩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል? ፍየሎቹም ማዕበል አስደንግጧቸው ወደ አንድ ጎን ሲያፈገፍጉ? ይህን ሁሉ አስገብታ ብታሰላው የሚዛኑ መስመር ከዜሮ በታች ወረደ። እንደዚያ ማለት መርከቧ አንዴ ካዘነበለች አትቃናም ማለት ነው። በዚያው ሰሞን ሐጂ የተሠራች መርከብ አገኙና ሥራውን ተዉት። ኢፍራህም ቅርፁን «ደቻቱ» ብላ አስቀመጠችው። ለምን ደቻቱ አልሽው ብሎ የጠየቃት የለም፤ ቢሮ ውስጥ ያለነው ሁሉ የድሬ ልጆች ነበርን።

ድሬን ለማያውቅ ላስረዳ። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ገበያተኛ መንገድ አሳጥሮ ያቋርጥበታል። ከዚያ በእኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ደጋ ላይ የዘነበው ድንገት ይመጣል። ሌላው ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ደቻቱ ግን ለሳቅም ጊዜ አይሰጥ። በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ሄዷል። የኢፍራህ አባት አንዱ ናቸው። እናቷ ፋዱሞ ቀፊራ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በጋም ቢሆን አሸዋውን ረግጣ አታውቅም፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ በድልድዩ ትሻገራለች። ኢፍራህም እንደ እናቷ ናት። አሸዋው ላይ ሻይ እንጠጣ ብላት እንኳ «ሂጂና ጠጪ» ነው የምትለኝ።

ሰይፈ ሚካኤል የመጣው ኢፍራህ ስትወልድ ነው። አራስነቷን እስክትጨርስ ቦታዋን ይያዝ ተብሎ ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራ አያውቅም ብዬ አልዋሽም፤ ያውቃል። ጫማው የሚያበራ፣ አፉ ማር፣ ሰው ሁሉ በሳምንት ውስጥ ወዳጁ። «ድሬ ፍቅር ነው!» ይላል ባገኘው ቁጥር። እኔም ወድጄው ነበር፤ ይህን ሳስታውስ ነው ይበልጥ የምናደደው።

የኢፍራህን የመርከብ ቅርፆች ከፍቶ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ለዓመታት የተሰበሰበ ሥራ ተሰድሮ ተቀምጧል፤ አዲስ መርከብ ሲታዘዝ አውጥቶ ማስተካከል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፋይል መጀመሪያ ላይ «አዘጋጅ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ የኢፍራህን ስም እያጠፋ የራሱን ጻፈ። ከዚያ ሙሴ ዘንድ ገብቶ፣ «ኢፍራህ ቁጥር አስገቢ ነበረች እንጂ አስሊ አይደለችም። እኔ እንደ አዲስ ባላደራጀው ምንም አልነበረም» አላቸው።

ሙሴ ዘንድ ሮጬ ገባሁ። «ሙሴ፣ ይሄ እኮ የኢፍራህ ነው! ስትሠራው እያየሁ!»

«ሶፍትዌሩ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?» አሉኝ መነጽራቸውን እየጠረጉ። እሳቸው የወረቀት ዘመን ሰው ናቸው። ወረቀት ላይ ስም ያለው የሠራው ነው።

ኢፍራህ ልጇን አዝላ ስትመለስ ወንበሯ ላይ ሰይፈ ተቀምጧል። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አላት። ለፋዱሞ ልጅ! እሱንም በሳቅ አለፈችው። ቀጥሎ ግን፣ «ቁጥር የሚያስገባልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ከተመቸሽ ያቺ ጠረጴዛ ባዶ ናት» አላትና እሱም ሳቀ። ሙሴ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ዝም አሉ።

ኢፍራህ አልጮኸችም። መሳቢያዋን ከፍታ የሻይ ኩባያዋን አወጣችና ወጣች። ደረጃው ላይ ተከትዬ ደረስኩባት። ዓይኗ ደርቋል። ክንዴን ያዘችኝና ቀስ ብላ፣ «አባዮ፣ እህቴ፣ ደቻቱን እንዳትነግሪው» አለችኝ።

«ምን?»

«ሰው የራሱን ቤት ያውቃል አይደል? የእሱ ከሆነ ያውቀዋል። እንዳትነግሪው።»

ያኔ ገባኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሳቄ መጣ። ወላሂ አልኳት፣ ክርስቲያን ሆኜ።

ኢፍራህ መልካ ጀብዱ የጭነት መኪና የሚመዘንበት ቦታ ሥራ አገኘች። መርከብ ያሰላች ሴት ስሚንቶና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ስትመዝን ዋለች። አቧራው ፊቷን ሲያከስለው እያየሁ እኔ በእሷ ፋንታ አረርኩ። ሰይፈ በከዚራ ቅርፅ አንድ መርከብ አወጣ፣ ተጨበጨበለት። በመልካ ጀብዱ ቅርፅ ሌላ አወጣ፤ ሐጂ ሽልማት ሰጡት፣ ፎቶው እንግዳ መቀበያው ላይ ተሰቀለ። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል። ውሸት ነው፤ ሰይፈ ለዓመታት ደምቋል። እኔ በየጧቱ በፎቶው ሥር ሳልፍ በልቤ «ቆይ ብቻ» እላለሁ። ኢፍራህን ባገኘኋት ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ነካው?» «አልነካውም» እላታለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በመጨረሻ ሐጂ ያንን የድሮ ሐሳባቸውን አነሱት፤ ፍየልና በግ የምታሻግር መርከብ። ሰይፈ ፋይሎቹን እያገላበጠ ሲሄድ ከኋላው ቆሜ ነበር። ጣቱ ቆመ።

«ሰርክዬ! ይቺን እይ! ለእንስሳት ተብላ የተሠራች፣ ማንም ያልተጠቀመባት! ምን ሆና ነው ተኝታ የቀረችው?»

«እኔ ነዳፊ ነኝ» አልኩት። «አንተ የሠራኸውን እኔ ከየት አውቄው?»

ትንሽ እንኳ አላፈረም። ደቻቱን አወጣ፣ ርዝመቱን ጨመረ፣ አሰላ። ሞልታ ስትነሳ፦ አረንጓዴ። ባዶዋን ስትመለስ፦ አረንጓዴ። አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩለት።

ከሥራ እንደወጣሁ መልካ ጀብዱ በረርኩ። ኢፍራህ ሚዛን ላይ የቆመ አይሱዙ እየመዘነች ነበር፤ ላዩ ላይ ፍየል ተጠቅጥቆበታል። ፍየሎቹ በተንቀሳቀሱ ቁጥር የሚዛኑ ቁጥር ይዘላል፣ ሾፌሩ «ቶሎ በይ እንጂ!» ይላታል።

«ነካው?» አለችኝ ከቁጥሩ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ወሰደው!»

«ወላሂ በይ?»

«ወላሂ! ርዝመት ጨምሮ!»

ከሄደች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሾፌሩ እብዶች መስለነው ጡሩምባውን ነፋ። ተቃቅፈን ዘለልን። እኔ ደግሞ ሐሳቤ ሮጠ፤ ሐጂ ባሉበት፣ ካሜራ ባለበት፣ መርከቧ ገና ወደቡ ላይ ስታዘነብልና ሰይፈ በዚያ በሚያበራ ጫማው ውሃ ውስጥ ሲገባ ታየኝ።

«ወደብ ላይ አትገለበጥም» አለች ኢፍራህ። ሳቋ ቆሟል። «ወደብ ላይ ታንኩ ሙሉ ነው። መሀል ባህር ላይ ነው።»

ሁለታችንም መሀል ባህር ላይ ምን ማለት እንደሆነ አላጣነውም። ሰይፈ መርከቧ ላይ አይሆንም፤ እሱ ከዚራ ወንበሩ ላይ ነው የሚሆነው። አይሱዙው ሄደ፣ ሌላ መጣ። ኢፍራህ ክብደቱን ጻፈችለት፣ ወረቀቱን ሰጠችው። ከዚያ፣ «ትሂድ» አለች።

«ትሂድ» አልኩ እኔም።

ፊርማው ለሰኞ ተቀጠረ። ሐጂ ከፈረሙ ጅቡቲ ያሉት ሠሪዎች ብረት መቁረጥ ይጀምራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ኢፍራህና እኔ ፋዱሞን ገበያ አድርሰን በባጃጅ ወደ ከዚራ ስንመለስ ድልድዩ በሰው ተዘግቷል። ባጃጁ ቆመ። ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ድምፁን ከውሃው በፊት ሰማነው።

ደቻቱ መጣ። ቡናማ ነው፤ ግንድ፣ በርሜል፣ የሱቅ ቆርቆሮ ይዞ። አሸዋው ላይ ዕቃውን የዘረጋ አንድ ሰውዬ ዘሎ ወጥቶ እንደገና ሊመለስ ሲል ሸሚዙን ይዘው አስቀሩት፤ ሸሚዙ ተቀደደ፣ እሱ ይሳደባል። አንድ ፍየል ራሷን ከውሃው በላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ በእኛ ሥር አለፈች። ሰው ሁሉ ይጮሃል። ኢፍራህ የድልድዩን ብረት ይዛ ቆማለች።

«የመርከበኞቹን አልጋ የነደፍሽው አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ።

የነደፍኩት እኔ ነኝ። አልጋ ብቻም አይደለም፣ ከየግርጌው ትንሽ የጫማ ማስቀመጫ ነድፌ ነበር።

«የሐጂን ስልክ ስጪኝ።»

«አቦ ኢፍራህ!» ተናደድኩ፤ አልደብቅም። «ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቀን? አፉ ላይ ሲደርስ? ልትምሪው ነው?»

«ማነው እምረዋለሁ ያለሽ?» ዞራ አየችኝ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቻት አላውቅም። «እኔ የምፈልገው ሰይፈን ነው። መርከበኞቹን ምን ላድርጋቸው? ስልኩን አምጪ።»

ሰጠኋት። ከሐጂ ጋር ያወራችው በሶማሊኛ ነው፤ ብዙውን አልያዝኩትም። አንድ ቃል ብቻ ደጋግማ ስትል ሰማሁ፦ ደቻቱ።

ሰኞ ጠዋት ሙሴ ክራባት አሰሩ። ሰይፈ ሰነዱን ሽፋኑ ላይ ስሙን በወርቃማ ቀለም አስጽፎ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፤ ከስሙ በላይ በትልቁ «ደቻቱ» ይላል። ለመርከቧም ስሙን ሰጥቷታል! ሐጂ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ኢፍራህ።

ሰይፈ ፈገግታው ትንሽ ተዛባ። «ሐጂ፣ ይቺ እኮ...»

«ልጄ ናት፤ እኔ ነኝ ያመጣኋት» አሉ ሐጂ። ተቀመጡ። ሰነዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ ሽፋኑን በጣታቸው ዳበሱት። «ያምራል። ስሙን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ። ቅርፁን ከመሠረቱ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ስሙንም ያወጣሁለት እኔው ነኝ።»

«ለምን ደቻቱ አልከው?»

እዚህ ላይ ሊያመልጥ ይችል ነበር። እንዲህ ተብሎ ነው ያገኘሁት ቢል አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ግን ስንት ዓመት በሰው ሥራ የኖረ ሰው ያንን ቃል ከየት ያመጣዋል? ደረቱን ነፋ።

«ያው ደቻቱ የድሬ መለያ አይደል? ወንዝ ነው፣ ውሃ ነው። ለመርከብ ደግሞ የውሃ ስም ያምርባታል። ለድሬ ያለኝን ፍቅር ለመግለጽ ብዬ ነው።»

ሙሴ የፊርማ ብዕራቸውን ከፍተው ይዘው ነበር። ክዳኑን መልሰው ገጠሙትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ኢፍራህን አዩዋት፣ መልሰው ሰይፈን አዩት። የሙሴ ፊት እንደዚያ ቀን አርጅቶ አይቼው አላውቅም።

«ስማኝ ወንድሜ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «በዘጠና ስምንት ሱቄን ከነዘበኛው የወሰደው ደቻቱ ነው። የዚችንም አባት ወስዷል። ድሬ ውስጥ ለሚወደው ነገር ደቻቱ ብሎ ስም የሚያወጣ ሰው የለም። ይሄን ስም ያወጣ ሰው ሌላ ነገር ሊነግረን ፈልጎ ነው። አንተ አይደለህም።»

ሰይፈ ሳቀ፤ ብቻውን። «ሐጂ፣ በስም ምክንያት...»

«ኮምፒውተሩን ክፈተው» አለች ኢፍራህ።

«ምን?»

«ክፈተው። ተቀመጥ። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ቁጥር ታስገባለህ።»

እግዚአብሔር ይይልኝ፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ስክሪኑን ለማየት ከጥጌ አንገቴን አሰገግኩ። ሰይፈ ወደ ሙሴ ዞረ። ሙሴ፣ «አስገባ» አሉት።

ተቀመጠ። ኢፍራህ ከኋላው ቆማ፣ ልጅ እንደምታስጠና እህት በቀስታ ነገረችው። የነዳጁን ታንክ ግማሽ አድርገው። አደረገው። የመጠጥ ውሃውን ግማሽ አድርገው። አደረገው። እንስሳቱን ወደ ግራ ሰብስባቸው። ጣቱ ቆመ፤ መሐንዲስ ነውና ቀድሞ ገብቶታል። «አስገባ» አለችው። አስገባ። መስመሩ ትንሽ ወጣ፣ ዘንበል አለ፣ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀይ ሆነ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አሉ ሐጂ።

ኢፍራህ እጇን አጣጠፈች። «እሱን ይጠይቁት አዴሮ። የሠራው እሱ ነው።»

ሰይፈ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«ትገለበጣለች» አለ።

ጣፈጠኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ለዓመታት የጠበቅኩትን ጎርሼ አላመጥኩት። ሰይፈ ግን በዚያ አላበቃም። ተነስቶ ፊቱ ቀልቶ ወደ ኢፍራህ ዞረ። «ታዲያ ለምን አልጻፍሽበትም? የምትገለበጥ መርከብ አስቀምጠሽ ስም ብቻ ሰጥተሽ ትሄጃለሽ? የድሬ ልጅ ያልሆነ ሰው ከየት ያውቀዋል?»

እንደጠላሁት እናገረዋለሁ፤ በዚያች አንዲት ነገር ልክ ነበር። ኢፍራህ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች።

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለች።

«ቁጥር አስገቢ ይጠየቃል እንዴ?» አልኩ እኔ ከጥግ። ማንም አልገሰጸኝም።

ሰይፈ በዚያው ሳምንት ከድሬ ወጣ። ሙሴ ፎቶውን ከእንግዳ መቀበያው ያወረዱት በገዛ እጃቸው ነው፤ ከዚያ የኢፍራህን ወንበር ስበው፣ «ተቀመጪ ልጄ፤ በድዬሻለሁ» አሏት። ወዲያው አልተቀመጠችም። ሙሴ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው በቆሙበት ለአፍታ አቆየቻቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ አዘንኩላቸው፤ ግን በሩ ላይ ዝም ብለው የቆሙበትን ቀን አስታውሼ ሐዘኔን ዋጥኩት። ለሐጂም አዲስ ቅርፅ አወጣች፤ ሰፋ ያለች፣ የነዳጅና የውሃ ታንኮቿ ውስጣቸው የተከፋፈለ፣ ፍየሎቹም ወደ አንድ ጎን እንዳይሮጡ በረታቸው የታጠረ። እሷንም በድሬ ሰፈር ስም «ሳቢያን» አለቻት። አልጋዎቹን እንደገና ነደፍኩ፤ የጫማ ማስቀመጫውንም አልተውኩትም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ጎኗ ተቀምጬ ስሟን ስትመልስ አየሁ። «አዘጋጅ» የሚለው ቦታ ላይ ሰይፈ ሚካኤል የሚለውን እያጠፋች ኢፍራህ ብላ ትጽፋለች። ከዚራ። መልካ ጀብዱ። ሌሎቹም። ደቻቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከስሙ ሥር በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ጻፈችበት፦ «ይህን ቅርፅ አትጠቀሙበት። መሀል መንገድ ላይ ይገለበጣል።» ደጋግማ አነበበችው፣ አስቀመጠችው፣ ዘጋችው።

«ኧረ ስሙን ረሳሽው» አልኳት። «አዘጋጁ አሁንም እሱ ነው።»

ኩባያዋን አንስታ ሻይዋን ጠጣች።

«አልረሳሁትም» አለች። «ራሱ ‹እኔ ነኝ የሠራሁት› አላለም?»

አልተቀየረም። ቢሮአችን አዲስ መሐንዲስ ሲቀጠር ኢፍራህ መጀመሪያ የምታስከፍተው ያንን ፋይል ነው፤ እሱም ጮክ ብሎ ከላይ ጀምሮ ያነባል፣ የአዘጋጁን ስም ሳይዘል።